ቁልፉ የደረቀ ዕለት

ያን ጠዋት በደብረ ብርሃን የጣለው ውርጭ አስፋልቱንም የቆርቆሮ አጥሩንም አመድ መስሎ ሸፍኖት ነበር። ሐረገወይን በአንድ እጇ ልጇን ውዳሴን፣ በሌላው የመኪናዋን ቁልፍ ይዛ ከቤቷ ወጣች። ሌላ ቀን ቢሆን መኪናዋ ገና ከሩቅ መብራቷን ብልጭ ታደርግና፣ የኋላውን በር ለልጅቷ ከፍታ የዳክዬዎቹን ዘፈን ትጀምር ነበር። ዛሬ ዝም አለች።

ቁልፍ ሲያስቸግር ምን እንደሚደረግ በከተማው የማያውቅ ሰው የለም። ሐረገወይንም የሚደረገውን ሁሉ አደረገች። ብርድ ባትሪን ያደክማልና ቁልፉን ብብቷ ሥር ከትታ አሞቀችው። ክዳኑን በጥፍሯ ፈልቅቃ ባትሪውን አወጣች፤ በሹራቧ እጅጌ ጠርጋ መለሰችው። እምቢ ሲላት ከቦርሳዋ አዲስ ባትሪ አውጥታ ቀየረችለት። በመጨረሻ ቁልፉን ከበሩ እጀታ ጋር አጣብቃ ያዘችና፣ የእጇን ትርታ በደንብ እንዲሰማ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። ቁልፍ ባለቤቱን የሚያውቀው በእጁ ነው፤ ሙቀቱን፣ ትርታውን፣ አያያዙን ቀስ እያለ ይለምዳል። ይኼኛው ደግሞ የሐረገወይንን እጅ ከለመደ ዓመታት አልፈዋል።

ቁልፉ ቀይ አበራ። ተበላሽቶ ቢሆን ጨርሶ አይበራም ነበር። ቀይ ማለት አላውቅሽም ማለት ነው።

ውዳሴ መኪናዋ ተኝታ እንደሆነ ጠየቀች። እናቷ ብርድ ይዟት ነው አለችና ልጅቷን አዝላ በእግሯ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ሄደች። እዚያ መግባት ለሁሉም ክፍት ነው፤ ልጅ ይዞ ለመውጣት ግን ቁልፍ ያስፈልጋል። ዘበኛው የሰው ፊት አያይም። እንዳያይም ታዟል።

ስትመለስ መኪናዋ አልነበረችም። መንገዱ ሁሉ ነጭ ሆኖ፣ መኪናዋ ያደረችበት ቦታ ብቻ ውርጭ ሳይነካው ጥቁርና ደረቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ሐረገወይን ጥቁሩ ቦታ ላይ ቆመች። ከዚያ ወደ ቤቷ በር ዞራ ቁልፏን አስጠጋች። በሩም ቀይ አበራ።

ፖሊስ ጣቢያ የተቀመጠው መኮንን ብዙ አላስጠበቃትም። ቁልፏን ተቀብሎ ቀዩን አየና መለሰላት፤ ቁልፍ የሌለው ሰው ክስ ማቅረብ እንደማይችል በትሕትና አስረዳት። በር ድረስም ሸኛት።

ቁልፍ ቤቱ ጠባሴ ሠፈር፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ነው። ባለሙያው አያልቅበት ይባላል። ሰዉ እስከ ዛሬ ቁልፍ ቀራጭ እያለ ይጠራዋል፤ እሱ ግን በዕድሜው አንድም ቁልፍ ቀርጾ አያውቅም። የሐረገወይንን ቁልፍ ጥቁር ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ አንዴ አዳመጠውና ራሱን ነቀነቀ።

«ቁልፍዎ ጤነኛ ነው። የተለወጠችው መኪናዋ ናት። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሌላ ቁልፍ ተሰጥቷታል።»

«ለማን?»

«ለሐረገወይን» አለና ቀና ብሎ አያት። «እርስዎ አልነበሩም እንዴ? እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ጉንፋን ይዞዎት ያስልዎት ነበር።»

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታዋ፣ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ እንደነበረች ነገረችው። ስልኳን አውጥታ ፎቶዎቿን ልታሳየው ስትል እጁን ዘርግቶ ስክሪኑን በቀስታ ከለለው። ቆሻሻ ነገር እንዳያይ የሚከላከል ሰው ነበር የሚመስለው። የሐሰት ፎቶ የማይፈጥር፣ የሰው ድምፅ የማያስመስል፣ አሻራ የማያወጣ ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሁሉም ነገር ቤት ተቀምጦ የሚሠራ ከሆነ በኋላ መንግሥት ብዙ መክሮ አንድ መላ አገኘ፤ ማሽን ሊሠራው ያልቻለው ጎረቤትን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ቁልፍ የጠፋበት ወይም የሞተበት ሰው ሦስት ጎረቤት ይዞ ይመጣል፤ ሦስቱ በየተራ ሰሌዳው ፊት ቆመው አውቀዋለሁ ይላሉ። ዘመድ አይመሰክርም፤ ዘመድ ያደላል። በየቁልፍ ቤቱ ግድግዳ ላይ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚል ተለጥፏል።

አያልቅበት የትናንቶቹን ድምፆች አሰማት። የመጀመሪያው የእትዬ በለጡ፣ የግራ ጎረቤቷ ነበር። ሁለተኛው የዕድሩ ዳኛ የጋሽ ሽብሩ። ሦስተኛው የባለሱቁ የሙክታር። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል ነበር ያሉት።

«አውቃታለሁ። ሐረገወይን ናት።»

በሐረገወይን ሠፈር ሰው ከበሩ ወደ መኪናው፣ ከመኪናው ወደ በሩ ነው። ጎረቤት የሚተዋወቀው በመኪናው ቀለም ሲሆን፣ ሰላምታውም ከመስታወት ጀርባ ብድግ የምትል እጅ ናት። እትዬ በለጡን ፊት ለፊት ካየቻቸው ስንት ጊዜ እንደሆነ ሐረገወይን በራቸውን ስታንኳኳ ልታስታውስ ሞክራ አልቻለችም። አሮጊቷ ግን እንደ ልጃቸው ተቀበሏት፤ ጉልበታቸውን እያሻሹ ወንበር ሰጧት፤ ጉንፋኑ ስለተሻላት ፈጣሪን አመሰገኑ።

ትናንት የመጣችው እኔ አይደለሁም አለቻቸው። እትዬ በለጡ ዓይናቸውን ከፊቷ አነሱና ወለሉ ላይ ጣሉት።

«ልጄ፣ ሰው በሬን አንኳኩቶ፣ እትዬ በለጡ ቁልፌ ሞተብኝ ብሎ ስሜን ጠርቶ ሲለምነኝ፣ እንዴት ብዬ ነው ፊት ለፊት አላውቅሽም የምለው? ነውር አይደለም ወይ?»

«ፊቷን አላዩትም?»

«ሰው ችግር ላይ ሆኖ ሲለምንሽ ዓይን ዓይኑን ታያለሽ? አታዪም።»

ታዲያ አሁን ይመስክሩልኝ፣ የትናንቱን ያንሡልኝ ስትላቸው አሮጊቷ ከሁሉም በላይ በዚህ ደነገጡ። ያቺስ ነገ መጥታ ብታየኝ ምን ትለኛለች? ነበር መልሳቸው።

የጋሽ ሽብሩም መልስ ከዚህ አልራቀም። እሳቸው ቁልፍ ቤት የሄዱት እትዬ በለጡ አውቃታለሁ ማለታቸውን ሰምተው ነው። እሷ ካወቀቻት እኔ ማነኝ አሉ። አሁን ቃላቸውን ቢያነሱ የእትዬ በለጡን ቃል በዕድርተኛው ፊት ሐሰት ማድረግ ይሆንባቸዋል። ያም ሆኖ ሐረገወይንን አልተቆጧትም። እንዲያውም ጠይም ፊታቸው በሐዘን ጨፍግጎ፣ ወደ ቤቷ እንድትሄድና እንድታርፍ መከሯት። የሚያወሩት ከማን ጋር እንደሆነ እርግጠኛ እንዳልሆኑ ከድምፃቸው ታወቃት።

ሰመራ፣ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ ለሚሠራው ለባሏ ለልዑልሰገድ ደወለች። ነገሩን ሁሉ ነገረችው፤ እሱም ሳያቋርጣት ሰማት።

«ቅድም ደውለሽልኝ ነበርኮ» አለ በመጨረሻ። «ቁልፍ ቀየርኩ ብለሽኝ።»

«ልዑሌ፣ እኔ ነኝ።»

«እሷም እንደዚሁ ነበር ያለችው።» ከዚያ በየማስታወቂያው የሚነገረውን፣ ሁሉም ሰው በቃሉ የሚያውቀውን አለ፤ «ይቅርታ፣ በስልክ ድምፅ አላምንም።» ስልኩን የዘጋው በጥድፊያ አልነበረም።

የቀረው ሙክታር ነበር። ሱቁ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነበር። ገና ስታየው እንደሚያውቅ ገባት፤ ጎንበስ ብሎ ያልነበረ ዕቃ መፈለግ ጀምሮ ነበርና።

«ሐረግ፣ እኔ ተጠራጥሬ ነበር» አለ ከባንኮኒው ሥር። «ትናንት ስትመጣ ስኳር ገዛች። አንቺ ከኔ ስኳር ገዝተሽ አታውቂም። እንግዳ መጥቶባት ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ከኔ በፊት ሁለት ሽማግሌ አውቃታለሁ ብለዋል፤ እኔ ተነሥቼ እናንተ ዓይናችሁ ፈዟል ልበል?»

«አሁን በል።»

ሙክታር ቀና አለ። ውዳሴ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትወጣው በዚያ ቁልፍ እንደሆነ እሱም ያውቃል፤ የራሱ ልጆች እዚያው ናቸው። ሱቁን ዘግቶ ተከተላት።

አያልቅበት ቃሉን ከመቀበሉ በፊት እንደ ደንቡ ሙክታርን አስጠነቀቀው። አንዴ ያነሣውን ምስክርነት ለዚያች ሴት ዳግመኛ ሊሰጥ አይችልም። ምስክር ሲጎድል ቁልፍ ይደርቃል። ቁልፍ ሲደርቅ መኪና ባለበት ይቆለፋል፤ ሌባ ይዞት እንዳይሄድ ተብሎ ነው፤ የጎደለው ምስክር ካልተተካ እስከ ነገ ጠዋት አይከፈትም። ከዚያ ወደ ሐረገወይን ዞረ።

«መኪናዋ አሁን የት እንዳለች ያውቃሉ?»

የት እንዳለች አታውቅም። ለማወቅም ጊዜ አልነበራትም፤ የልጆቹ መውጫ ሰዓት እየቀረበ ነበር፤ ያቺ ሴት ከዚያ በፊት መታገድ አለባት።

«የትም ትሁን» አለች። «ትድረቅ።»

ሙክታር ቃሉን አነሣ። ሰሌዳው ላይ ያለው አረንጓዴ መብራት ጠፋ። ሐረገወይን ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰች፤ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ የሄደችው ሮጣ ማለት ይቻላል።

ዘበኛው በሩ ላይ ቆሞ እጁን በትንፋሹ ያሞቅ ነበር። ውዳሴን ስትጠይቀው እናቷ ዛሬ ቀደም ብላ ወስዳታለች አለ። ልጅቷ አላለቀሰችም ወይ? አለችው። ለምን ታለቅሳለች? አለ ዘበኛው። መኪናዋ በሩን ስትከፍትላትና ዘፈኑን ስትጀምርላት እየሮጠች ገባች። ልጆች የሚያውቁት መኪናውን ነው።

ሐረገወይን ያኔ ነበር አያልቅበት የጠየቃት ጥያቄ ምን እንደነበረ የገባት።

መኪናዋ ሩቅ አልነበረችም። በሬሳ ወንዝ ድልድይ አጠገብ፣ ከመንገዱ ዳር፣ ሰው ከብቧት ቆማለች። ፀሐይዋ እየሸሸች፣ ከወንዙ በኩል ብርዱ መምጣት ጀምሯል። መሬቱ ላይ ሰዎች የወረወሯቸው ድንጋዮች ተበትነዋል፤ መስታወቱ ላይ ግን አንድ ጭረት እንኳ አልነበረም። አንዲት ግራጫ ካፖርት የለበሰች፣ ሻርፕ እስከ አገጯ የጠመጠመች ሴት የኋላውን መስኮት በሁለት እጇ ትደበድባለች። ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ነው፤ ስትመለስ በሩ አልከፈትም አላት።

ሐረገወይን ፊቷን አየችው። የእሷን ፊት አይመስልም። በምንም አይመስልም፤ አፍንጫዋም፣ ዓይኖቿም፣ ዕድሜዋም። ቁመታቸው ብቻ አንድ ነው። ከሁሉ የከበዳት ይህ ነበር።

ውዳሴ የኋላ ወንበር ላይ ተኝታለች። ማሞቂያው ከመኪናዋ ጋር ጠፍቷል፤ አየር የሚገባበትም ሁሉ ተዘግቷል። መስታወቱ ከውስጥ በልጅቷ ትንፋሽ እየደበዘዘ ነው። ሁለቱ ሴቶች ስሟን እየጠሩ ደበደቡ። ልጅቷ አንዴ ዓይኗን ገልጣ፣ ሁለቱንም አይታ፣ መልሳ ከደነች።

አያልቅበት ነገሩን ሰምቶ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። እትዬ በለጡና ጋሽ ሽብሩ ትናንት የሰጡት ቃል እንደጸና ነው፤ የጎደለው አንድ ድምፅ ነው አለ። ሦስተኛ ድምፅ ከተገኘ አሁኑኑ ይከፈታል። ሐረገወይን ለኔ ይመስክሩልኝ አለች። አዲስ ቁልፍ አዲስ ሦስት ድምፅ ይፈልጋል፣ ያውም ሥራ ላይ የሚውለው ከነገ ጠዋት በኋላ ነው አላት። ሙክታር ተከትሏት መጥቶ ከኋላዋ ቆሞ ነበር፤ እሱ እንደማይችል ያውቃል። በዙሪያው ያለው ሰው ደግሞ የዚያ ሠፈር አይደለም። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ፋብሪካ ነው፤ ከመሸ በኋላ ነው የሚመለሰው። እትዬ በለጡ ወሬውን ሰምተው መጥተው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጥ ሰው ጉልበታቸውን አቅፈው መንገዱ ዳር ተቀምጠዋል፤ ጋሽ ሽብሩም ከጎናቸው ቆመዋል።

አያልቅበት ሰሌዳውን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ለምስክርነት የሚበቃ ቁልፍ በአካባቢው እንዳለ ፈለገ። ለምስክርነት የሚበቃው ሌሊት ሌሊት ከመኪናዋ አቅራቢያ የሚያድር ቁልፍ ነው። ሰሌዳው አንድ አገኘ። አያልቅበት መጀመሪያ አላመነውም፤ ደግሞ አየው።

«የእርስዎ ቁልፍ ነው» አላት። «ለስንት ዓመት ከአጠገቧ ሲያድር ኖሯል። መኪናዋ እንደ ጎረቤት ነው የምታውቅዎት።»

ሐረገወይን ኪሷ ውስጥ ቁልፏን ጨበጠችው። ሞቃት ነበር።

የግራጫ ካፖርቷ ሴት መደብደቧን አቁማ ወደ እሷ ዞረች። ስለራሷ አንድ ቃል አልተናገረችም። «ልጅቷ» ብቻ አለች። ዓይኖቿ ቀልተው፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ፣ እናት የምታለቅሰውን ልቅሶ ነበር የምታለቅሰው።

ሐረገወይን መስታወቱን አየች። ቅድም የውዳሴ ትንፋሽ ያረፈበት ቦታ ሰፊ ነበር፤ አሁን ጠቧል። ሰሌዳው ፊት ቆመች። ከድልድዩ ሥር የውሃው ድምፅ ተሰማ።

«አውቃታለሁ» አለች። «ሐረገወይን ናት።»

በሩ ተከፈተ። መብራቶቹ ብልጭ አሉ፤ የዳክዬዎቹ ዘፈን ከተቋረጠበት ቀጠለ። ሴትየዋ ዘላ ገብታ ልጅቷን በካፖርቷ ውስጥ አቀፈቻት፤ እግሮቿን አሸችላት፣ ትንፋሿን ጣቶቿ ላይ ነፋችላት። ውዳሴ ሳል ቢጤ አለችና ነቃች፤ ከካፖርቱ ውስጥ ትንሽ እጇን አውጥታ ያገኘችውን አንገት ጠመጠመች። ሰዉ አጨበጨበ። ጋሽ ሽብሩ ወደ ሐረገወይን ቀርበው ትከሻዋን ነካ አደረጉና፣ ጎረቤት ማለት እንዲህ ነው አሉ።

ሐረገወይን ወደ በሩ ሄደች። በሩ የማይታወቅ ሰው ሲጠጋው እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ሰዉ ሲበተን ሴትየዋ መስታወቱን አውርዳ ጠራቻት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ወደ ውጭ አዘንብላ ነበር የምታወራው።

«እኔም ወንድ ልጅ ነበረኝ» አለች። «ሸኖ ከተማ። እኔም ክስ አቅርቤ ልጄን እስክመልሰው ድረስ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ክስ ለማቅረብ ቁልፍ ያስፈልጋል።» ሻርፑን ከአንገቷ ፈታ በመስኮቱ ሰጠቻት። «ጫጫ ከተማ ሰማያዊ በር ያለው ቤት አለ፤ ከወፍጮው ፊት ለፊት። የቤቱ ባለቤት ሴት ናት፤ ቁመቷ ቁመትሽ ነው። ጠዋት ትወጣለች፣ እስከ ማታ አትመለስም። ጎረቤቶቿ ጨዋ ሰዎች ናቸው።»

«ልጅ አላት?»

ሴትየዋ ወደ ልጅቷ ዞረች። መስታወቱ ወጣ። መኪናዋ ወደ ሐረገወይን ሠፈር፣ ወደ ሐረገወይን ቤት አቀናች።

ሐረገወይን ያን ሌሊት እትዬ በለጡ ዘንድ አደረች። አሮጊቷ ፍራሽ ዘርግተው፣ እንደ እንግዳ ጥሩውን ብርድ ልብስ ሰጧት፤ ማን እንደሆነች አልጠየቁም። ለመጠየቅ ፊት አላገኙም። በመስኮቱ የራሷ ቤት መብራት ሲበራ፣ ሲጠፋ አየች። እስክመልሳት ድረስ ብቻ ነው አለች ለራሷ። ቁልፍ ልያዝ፣ ልክሰስ፣ ልጄን ልውሰድ፣ ከዚያ ቁልፉን ለጫጫዋ ሴት እመልሳለሁ። ይህን ደጋግማ አለችው፤ ሲነጋጋም ታምነው ነበር።

ጫጫ የደረሰችው ውርጩ ሳይቀልጥ ነው። ከወፍጮው ፊት ለፊት ሰማያዊው በር አለ፤ በሩ አጠገብ ትንሽ ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ቆማለች። መኪናው የለም፤ ያደረበት ቦታ ብቻ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ሐረገወይን ብስክሌቷን ላለማየት ፊቷን አዞረችና ወደ ጎረቤት በር ሄዳ አንኳኳች።

የከፈቱት ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ነበሩ። በቀይ የሚበራውን ቁልፍ በእጇ ሲያዩ ፊታቸው ላይ አንድ ጥርጣሬ መጣ። ዓይኗን ሊያዩ ቀና አሉ፤ ወዲያው ግን ነውር ሆነባቸውና ወደ መሬት መለሱት።

«ደህና አደርሽ፣ ሰናይት ልጄ» አሉ። «ጉንፋኑ አልተሻለሽም እንዴ?»

ሐረገወይን ሻርፑን ወደ አገጯ ሳብ አደረገች። ከዚያ፣ ቀስ ብላ፣ አሳለች።